ጭንቅላቴን የማላምንባቸው ቦታዎች፦ ለትልቅ ውሳኔ የሚሆን አሠራር

የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት 3 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ጠዋት ደላላው ደወለ፣ ረፋዱ ላይ አየኋት፣ ምሳ ሳይደርስ ቀብድ ከፍዬ ነበር። ቀለሟ ፊት ያሳያል፣ ወንበሯ የተቀመጠበት ሰው ያለ አይመስልም። ደላላው ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ካልያዝካት ነገ የለችም፤ ሌላ ሰው ብር ይዞ እየመጣ ነው» አለኝ። እጄን ኮፈኗ ላይ ሳሳርፍ ሞቅ ይል ነበር። ሙቀቱ ተሰምቶኛል፣ ግን ለምን ሞቀ ብዬ አልጠየቅሁም። በሳምንቱ፣ ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ ጀመር። የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ ድምጿን ብቻ ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሞተር በቀዝቃዛው ሳይነሳ ይገዛል? አሙቀው ነው የጠበቁህ» አሉኝ።

የሚገርመው፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ምልክት መሆኑን ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር። ዕውቀቱ ነበረኝ፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት አልመጣልኝም። እንዲያውም ጉድ የሠራኝ «መኪና አውቃለሁ» ማለቴ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል የሚባለው።

የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማን የሰው ግምት የት የት ላይ እንደሚስት ከባልደረባቸው ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር ለዓመታት አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እኚህ ሰው፣ ይህን ሁሉ አጥንተውም የራሳቸው የድንገት ግምት ብዙም እንዳልተሻሻለ ደጋግመው ተናግረዋል። እሳቸው ያልቻሉትን እኔ አልሞክርም። ጭንቅላትን አርማለሁ ብሎ ከመድከም፣ የሚስትበትን ቦታ ለይቶ እዚያ ላይ ወረቀት፣ ሌላ ሰው ወይም ጊዜ ማስቀመጥ ይቀላል። ከዚህ በታች ያለው ሁለተኛዋን መኪና ስገዛ የሄድኩበት መንገድ ነው። ለቤትም፣ ለሥራ ለውጥም፣ ለብድርም ይሆናል። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እስክሪብቶና እውነቱን ለመናገር የማይፈሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው።

1. መጀመሪያ መውጫው ስንት እንደሆነ ጠይቁ

ሁሉንም ውሳኔ በደብተር ልወስን ካላችሁ ኑሮ አይገፋም። ለሸሚዝና ለምሳ ደመ ነፍስ ይበቃል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ነገ ጠዋት ሐሳቤን ብለውጥ ስንት ያስከፍለኛል?» መልሱ «ምንም» ወይም «ጥቂት» ከሆነ ወስኑና እለፉ። የሚያመው ከሆነ ቀሪዎቹን ደረጃዎች ተከተሉ።

ቀብድ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ በውላችሁ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ደግሞ ላፍርስ ካለ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ማለት እንግዲህ የመውጫ ዋጋ ነው። እኔ በመጀመሪያዋ መኪና የዋጋውን ግማሽ ያህል ቀብድ ሰጠሁ። ያን ጊዜ ቁም ነገረኛ ገዢ መሆኔን ያሳየሁ መስሎኝ ነበር፤ የሠራሁት ግን በሩን በራሴ ላይ መቆለፍ ነው። ትንሽ ቀብድ ስጡ፤ ሻጩ ቅር ይበለው።

2. የእነሱን ቁጥር ሳትሰሙ የእናንተን ጻፉ

ትቨርስኪና ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሙከራ አለ። ሰዎቹ ፊት ከ0 እስከ 100 ቁጥር ያለበት መንኮራኩር ይሽከረከራል። መንኮራኩሩ በተንኮል 10 ላይ ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጓል። ከዚያ የሚጠየቁት ከመንኮራኩሩ ጋር የማይገናኝ ነገር ነው፦ የተባበሩት መንግሥታት አባላት ከሆኑት አገሮች ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ስንት በመቶ ናቸው? 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 በመቶ ሆነ፤ 65 የወጣላቸው ግን 45 በመቶ አሉ። መንኮራኩር ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? ምንም። ግን መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ችካል ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደታሰረ በሬ በዙሪያው ብቻ እንግጣለን።

ደላሎች ይህን ከማንም ፕሮፌሰር ቀድመው ያውቁታል። «ባለቤቱ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው የሚለው፣ እኔ ላስቀንስልህ» ሲሏችሁ ችካሉ ተተክሏል። 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ላይ ስትጨርሱ 100 ሺህ ያተረፋችሁ ይመስላችኋል፤ መኪናዋ ግን 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ታወጣ ይሆናል።

ስለዚህ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት ተመሳሳይ የምርት ዘመንና ሞዴል ያላቸው መኪኖች በቅርቡ በስንት እንደተሸጡ ከሦስት የተለያዩ ሰዎች ጠይቁ። የሚጠየቀው የተሸጡበት ዋጋ ነው፤ የተጠራውንማ ማንም ይጠራዋል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የምትጀምሩበትና አንድ ብር የማታልፉት። ቀኑንም ጻፉበት። ቀኑ ለምን? የራሳችን የድሮ ቁጥርም ችካል ስለሚሆን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያም በኋላ ወራት ሙሉ «ይህቺ እኮ በዚህ ዋጋ አትሸጥም ነበር» እያልን በሌለ ዋጋ ስንደራደር የከረምን ብዙ ነን። እኔ ሁለት ጥሩ መኪና ያመለጠኝ እንደዚያ ነው።

3. ዝርዝሩን ቤት ቁጭ ብላችሁ ሥሩ

ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 በጻፉት የታወቀ ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ የሚይዘውን 7 ያህል ነገር ብለውት ነበር፤ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወደ 4 አውርደውታል። አንድ መኪና ስታዩ ግን ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ሊብሬ፣ ዋጋ፣ ቀለም፣ የደላላው ወሬ፣ የሚስታችሁ ፊት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። 4ቱን ቦታ ማን ይይዘዋል? የሚያብረቀርቀው። ቀለም ገብቶ የሻንሲ ቁጥር ይወጣል።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ዴይተን አጠገብ፣ ቦይንግ ለጦሩ ያቀረበው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ተነሥቶ ጥቂት እንደወጣ ወደቀ። መሪውን የያዙት የጦሩ የሙከራ አብራሪ እጅግ የተመሰከረላቸው ነበሩ፤ ሕይወታቸው በዚሁ አለፈ። የአውሮፕላኑ ብልሽት አልተገኘም። መሬት ላይ ሲቆም የጅራቱን መቆጣጠሪያዎች ነፋስ እንዳያንገላታቸው የሚያስረው መቆለፊያ ሳይፈታ ነው የተነሣው። ከዚያ በኋላ መፍትሔው የተሻለ አብራሪ መፈለግ አልሆነም፤ ከመነሣት በፊት ነጥብ በነጥብ የሚነበብ አጭር ወረቀት ተዘጋጀ። በዚያ ወረቀት አውሮፕላኑ ቢ-17 ተብሎ በሺዎች ተመረተ። የቀዶ ሕክምና ክፍሎችም ኋላ ይህንኑ ወሰዱ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የ19 ነጥብ ዝርዝር በ8 ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ እንደወረደ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል።

የእኔ ወረቀት ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ለእናንተ እንደሚሆን አድርጉት፦

– ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ነው? ከሞቀ ዛሬ አላይም፣ ነገ በማለዳ እመጣለሁ።
– በቀዝቃዛው ሲነሳ ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም አለው?
– የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል?
– የሚሸጠው ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ራሱ ነው? በውክልና ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን ይሰጣል?
– ዕዳና እገዳ ተጣርቷል?
– እኔ የመረጥኩት መካኒክ አይቷታል? ደላላው ያመጣው መካኒክ አይቆጠርም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዝርዝሩ መኪናዋን ከማየታችሁ በፊት ይጻፍ፤ ካያችሁ በኋላ የሚጻፍ ዝርዝር የወደዳችኋትን መኪና መልክ ይዞ ይወጣል። ሦስት መኪና የምታወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ሦስቱንም በዚሁ ቅደም ተከተል እዩ። አንዷን በሞተር፣ ሌላዋን በወንበር ለክቶ ማወዳደር አይሆንም።

4. ስለራሳችሁ ከመገመት የሌላውን ሰው ዕጣ ጠይቁ

ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደረሰባቸውን አንድ ታሪክ ይናገሩ ነበር። በእስራኤል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የትምህርት መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቡድን አቋቁመው ሥራው ጥሩ እየሄደ ነበር። አንድ ቀን እያንዳንዱ ሰው ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ለብቻው እንዲጽፍ ጠየቁ። ሁሉም በ2 ዓመት ግድም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። ካህነማን ወደ እሳቸው ዞረው፣ እንዲህ ያለ ሥራ የጀመሩ ሌሎች ቡድኖች በስንት ዓመት እንደጨረሱ ጠየቋቸው። ሰውየው ዝም አሉ፣ ፊታቸው ቀላ። ከ10ሩ 4ቱ ያህል ጭራሽ አልጨረሱም፤ የጨረሱትም ከ7 ዓመት በታች የፈጀበት የለም ብለው መለሱ። እኚሁ ሰው ከደቂቃዎች በፊት እንደሌሎቹ 2 ዓመት ብለው ጽፈው ነበር! ዕውቀቱ እዚያው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፤ ስለራሳቸው ሥራ ሲያስቡ ግን አልጠሩትም። እንደ እኔ ሰማያዊ ጭስ። ቡድኑም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ፤ ሥራው 8 ዓመት ፈጀ።

ትልቅ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። የሲድኒው ኦፔራ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል ተብሎ በ1973 በ102 ሚሊዮን አለቀ። የእኛው ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል በ5 ዓመት ገደማ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። የዘገየበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ሁሉም የግምት ስሕተት አይደለም። ሆኖም ግምት የሚያወጣ ሰው ሁልጊዜ የሚያስበው ሁሉ ነገር ከሰመረ የሚሆነውን ነው።

ለመኪናው ያደረግሁት ይህን ነው፦ ያንኑ ሞዴል ለሚነዱ ሦስት ሰዎች፣ «ከገዛሃት በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ስንት አወጣህባት?» አልኳቸው። «ጥሩ መኪና ናት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የገዛትን መኪና የሚያማ ሰው አይገኝም። ገንዘብ ስትጠይቁ ግን ጎማ፣ ባትሪ፣ ቴስታታ፣ እያንዳንዷ ትወጣለች። የሦስቱን መካከለኛ ወስጄ የራሴ ግምት አደረግሁት። እኔ ከእነሱ የተሻልኩ ጠንቃቃ ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አልጻፍኩትም።

5. ሟርት የሚመስለው ደረጃ

ጋሪ ክላይን የተባሉ ተመራማሪ የሚመክሩት አሠራር አለ፦ ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት እንደከሸፈ ቆጥሮ የከሸፈበትን ምክንያት መጻፍ። እኛ ቤት ይህን ማስጀመር ቀላል አልነበረም። እናቴ፣ «ገና ሳትገዛት ምን ታሟርታለህ!» ብላ ተቆጣች። ስለዚህ በተረት መልክ አቀረብኩት፦ «ይኸው ዓመት ሞላን፣ መኪናዋን በኪሳራ ሸጥናት እንበል። ምን ሆና ነው?» ተረት ሲሆን ሁሉም ይጫወታል።

ሁለት ሕግ አለው። አንደኛ፣ ከመነጋገር በፊት ሁሉም ለብቻው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሲነበብ ከታናሽ ይጀመር። አባት ወይም ታላቅ ወንድም ቀድሞ ከተናገረ ይሉኝታ የቀሩትን አፍ ይይዛቸዋል፤ «እሳቸው እንዳሉት ነው» ተብሎ ያልቃል። እኔ የጻፍኩት ስለ ሞተርና ስለ ነዳጅ ነበር። የመጨረሻው ወንድሜ ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦ «ዘመድ ሁሉ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለኤርፖርት እየተዋሳት አለቀች፤ አንተ በታክሲ ትሄዳለህ።» ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን። የመጀመሪያዋ መኪና ሲሶ ዕድሜዋ ያለቀው በዚያ ነበር፤ እምቢ ማለት የማልችል ሰው መሆኔን ደግሞ ከእኔ በስተቀር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ወዲያው ተስማማን፦ መኪናዋ ያለ እኔ አትነዳም፤ የሚጠይቅ ካለ «ቤት ውስጥ ተስማምተናል» እላለሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳዳነችኝ!

6. «ይህ ከተገኘ አልገዛም» ብላችሁ ፈርሙ

ፒተር ዌሰን የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ሙከራ ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጥተው ሕጉን እንዲደርሱበት ጠየቁ። ሰዎቹ የራሳቸውን ሦስት ቁጥር እየሰጡ «ይገጥማል» ወይም «አይገጥምም» ይባላሉ። ብዙዎቹ «ሁለት ሁለት እየጨመረ ነው» ብለው አሰቡና 8፣ 10፣ 12 ሞከሩ፤ ይገጥማል። 20፣ 22፣ 24፤ ይገጥማል። እርግጠኛ ሆነው ሕጉን ሲናገሩ ግን ስሕተት ነው። ሕጉ «እያደገ የሚሄድ ማንኛውም ቁጥር» ነበር። 1፣ 2፣ 50 ብሎ ግምቱን ሊያፈርስ የሞከረ ሰው ወዲያው ይደርስበት ነበር።

መኪና ስናይም 8፣ 10፣ 12 ነው የምንጠይቀው፦ «ነዳጅ ቆጣቢ ናት አይደል?» «አልተጋጨችም አይደል?» ጥያቄውን ገልብጡት፦ «ምን ባገኝባት ነው የምተዋት?» መልሱን ቀድማችሁ ጻፉና ፈርሙበት። ፊርማው ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። እኔ ከጻፍኳቸው አንዱ «ቁጥሩ በአንድ አሃዝ እንኳ ካልገጠመ» የሚል ነበር። ከተማውን አቋርጬ ሄጄ ያየኋት መኪና ንጹሕ ነበረች፣ ሞተሯ ቀዝቃዛ፣ ዋጋዋም ከመስመሬ በታች። የሻንሲ ቁጥሯን በስልኬ መብራት ስመለከት ከመጨረሻዎቹ አሃዞች አንዷ ሊብሬው ላይ 8፣ ብረቱ ላይ 3 ናት። ደላላው፣ «የጸሐፊ ስሕተት ነው ጋሼ፣ በአንድ ቀን ይስተካከላል» አለ። ምናልባት እውነቱን ነው። ወረቀቱን አወጣሁ፣ ፊርማዬን አየሁ፣ ሄድኩ። ወረቀቱ ባይኖር እገዛት እንደነበር አልጠራጠርም፤ ነዳጁን አቃጥዬ፣ ሥራ ቀርቼ፣ ባዶ እጄን ልመለስ? «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው ይሄ ነው። የወጣው ወጥቷል፤ መቁጠር ያለበት ከዚህ በኋላ የሚወጣው ብቻ ነው።

7. አንድ ሌሊት አሳድሩት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አውስትራሊያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ አሳይተዋል። ማታ 5 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ መኪና የምትመርጡ ሰዎች፣ ሳትቀምሱ ሁለት ብርጭቆ ጠጥታችኋል ማለት ነው። በንዴት፣ በሐዘን ማግሥትና በበዓል ዋዜማም አትፈራረሙ። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ለሚለው መልሱን ተለማመዱት፦ «ከቀደመኝ ዕድሉ ነው፤ እኔ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ።» ብዙ ጊዜ 3 ሰዓት ላይ ራሳቸው ይደውላሉ።

8. የገመታችሁትን በመቶኛ ጽፋችሁ አስቀምጡ

ባሩክ ፊሾፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት ሰው አንድ ነገር ከሆነ በኋላ መሆኑን ቀድሞ የገመተ ይመስለዋል። «ብዬ ነበር» የማይል ማን አለ? ስለዚህ ውሳኔውን፣ ምክንያቱንና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ በወሰናችሁበት ቀን ጻፉ። «ጥሩ ይመስለኛል» አትበሉ፤ «በመጀመሪያው ዓመት ጥገናዋ ከሦስቱ ሰዎች መካከለኛ እንደማይበልጥ 80 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» በሉ። ከ6 ወርና ከዓመት በኋላ የምትመለከቱበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ሙሉ።

ስትመለከቱ ውጤቱንና ውሳኔውን ለዩ። በጥሩ አሠራር የተገዛ መኪናም ሊበላሽ ይችላል። ያቺ 8 እና 3 የተምታታባት መኪና ዛሬ ላንዱ ደስተኛ ባለቤት እያገለገለች ሊሆን ይችላል፤ ደብተሬ ላይ ግን ከጥሩ ውሳኔዎቼ አንዷ ናት። በሌላ በኩል በመጨረሻ የገዛኋት መኪና ደህና ሆና ሳለ ግምቴ ወደቀ፦ ራዲያተርና ባትሪ በአንድ ወር ተከታትለው ሄዱና ጥገናዋ ከመካከለኛው በለጠ።

አሁን ደብተሩ ውስጥ «80 በመቶ» ብዬ የጻፍኳቸው ውሳኔዎች 10 ሞልተዋል። እንደገመትኩት የሆኑት 6 ናቸው። ከዚያ ወዲህ እጄ 80 ሊጽፍ ሲነሣ 60 እጽፋለሁ፤ 60 ሲሆን ደግሞ አዛውንቱ መካኒክ ዘንድ እሄዳለሁ።